የእንጨቱ ክዳንና የፊዚክስ ትምህርታችን

በትምህርት ክፍላችን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ርእስ ይዘው በሚቀርቡበት ጊዜ ከመምህራኑ ወገን ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ «ለመሆኑ ይህ ፊዚክስ ነው?» የሚል። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው። ቅር የሚያሰኘኝ ለማን እንደሚቀርብ ሳይ ነው። ከልዩ ልዩ መጻሕፍት ያሰባሰበውን ጽሑፍ ይዞ ለመጣ ተማሪ አይቀርብም፤ በኮምፒውተር ስሌት ሠርቶ ለመጣውም እንዲሁ። ጥያቄው የሚጠብቀው እንጨት ቆርጦ፣ ሽቦ አያይዞ፣ አንድ ዕቃ ሠርቶና ለክቶ ለመምጣት የሚያስበውን ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ተማሪ ጠበቃ ሆኜ ለመቆም እፈልጋለሁ። ለክርክሬ የመረጥሁት ምሳሌ ከላቦራቶሪ የራቀ፣ ምናልባትም ለአንዳንድ አንባቢ ቅንጦት የሚመስል ነው፤ ይኸውም በቤት ውስጥ የሚሠራ የጨው ውኃ አኳሪየም የእንጨት ክዳን ነው።

የባሕር ዓሣና ኮራል በመኖሪያ ቤት ማኖር በጀርመን አገር ብዙዎች የሚወዱት የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ዶክትሬቴን እዚያ በሠራሁባቸው ዓመታት የምርምር ተቋሙ ወርክሾፕ ኃላፊ የነበሩ አንድ አዛውንት ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 50፣ የውኃው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ማለትም 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ነበራቸው። ክዳኑን በገዛ እጃቸው ሲሠሩ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣውላ እየያዝሁ አግዝ ነበር። ክዳን ስል ድስት የሚከደንበትን ዓይነት ማለቴ አይደለም። ታች የሌለው ሣጥን ነው፤ በመስተዋቱ ገንዳ አፍ ላይ ይቀመጣል፤ መብራቶቹን በሆዱ ይይዛል፤ ብርሃኑ የተመልካቹን ዐይን እንዳይወጋ ይጋርዳል፤ ዓሣም ዘልሎ እንዳይወጣ ይከለክላል። ከፊት ለፊቱ ለመመገቢያ የሚከፈት በር አለው። ነገሩ ሲታይ ከዚህ የሚያልፍ አይመስልም።

መጀመሪያ እንጨቱን እንመልከት። እንጨት ከተቆረጠና ከተላገ በኋላም ቢሆን አርፎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ በዙሪያው ካለው አየር ርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል። የአየሩ አንጻራዊ ርጥበት 40 በመቶ በሆነበት ክፍል ውስጥ የቆየ ጣውላ በውስጡ የሚይዘው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 8 በመቶ ያህል ነው። በገንዳው አፍ ላይ፣ የአየሩ ርጥበት 80 በመቶ በሚደርስበት ቦታ፣ ይኸው ጣውላ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ በቃጫው አቅጣጫ ያለው ርዝመት ይህን ያህል አይለወጥም። ቃጫውን አቋርጦ የሚለካው ወርድ ግን፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና እንደ አቆራረጡ፣ ለእያንዳንዱ የ1 በመቶ ጭማሪ ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ ይሰፋል። ስለዚህ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰሌዳ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል ማለት ነው። ሁለቱን ጠርዞች በብሎን ጠፍሮ የያዘ ሰው ከዚህ ጋር ይታገላል፤ ሰሌዳው ሲረጥብ ይጎብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

አናጢዎች ለዚህ ችግር መፍትሔ ያገኙት የእንጨት ሳይንስ የሚባል ትምህርት ከመኖሩ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። ሰሌዳውን በአራት ማዕዘን ማቀፊያ ውስጥ ያስገቡታል፤ በማቀፊያው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ቦይ ይቆፍሩና ሰሌዳውን ያለ ኮላ፣ በግራና በቀኝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ትተው ይሰኩታል። ሰሌዳው እንዳሻው ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ማቀፊያው ግን ቅርጹን ይዞ ይኖራል። ክፍተቱ ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን? ከላይ ያለው ስሌት የሚመልሰው ይህን ነው። አዛውንቱ 3፣ 3 ሚሊ ሜትር በሁለቱም ወገን ተዉ፤ የደረሱበትም በልምድ ነበር። እኔ ወረቀትና እርሳስ ይዤ የደረስሁበት ቁጥር ያው ነው።

ሌላም አለ። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ርጥብ አየር፣ ውጫዊው ገጽ ደግሞ የክፍሉን ደረቅ አየር ያገኛል። አንዱ ወገን ይሰፋል፣ ሌላው ባለበት ይቆያል፤ ሰሌዳው ይቆለመማል። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች ተጣብቀው ሲሞቁ የሚታጠፉበትን ክሥተት በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ሁላችንም ተምረነዋል፤ ይህ ያው ነው፤ በሙቀት ፋንታ ርጥበት ገባበት እንጂ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ በሁለቱም ገጽ እኩል መቀባት ያለበት ለዚህ ነው። ኮምፔርሳቶ የተሻለ ጠባይ አለው፤ ንብርብሮቹ ቃጫቸው የተጠላለፈ ስለሆነ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ነገር ግን የተቆረጠ ጠርዙ ውኃ ይጠጣልና በደንብ መደፈን አለበት። ቺፕውድን አለመጠቀም ይመረጣል፤ ውኃ ካገኘው እንደ ረጠበ ዳቦ ያብጣል።

ቀጥሎ ጨው። አረፋ በውኃው ገጽ ላይ በፈነዳ ቁጥር ጥቃቅን ጠብታዎች ወደ ላይ ይረጫሉ፤ ውኃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የገበታ ጨው የአየሩ አንጻራዊ ርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ከአየር ላይ ውኃ ስቦ ራሱን ያሟሟል። በክረምት የጨው ዕቃ ከፍቶ ጨዉ አልቦ ያገኘ ሁሉ ይህን በዐይኑ አይቷል። የባሕር ጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ስላለበት ከዚያም ባነሰ ርጥበት ይረጥባል። በመሆኑም በበሩ ማጠፊያ ላይ ያረፈ ጨው ማጠፊያውን ሌት ተቀን በጨው ውኃ እንደ ተነከረ ያቆየዋል። ተራ ብረት ይዝጋል። ናስም መፍትሔ አይደለም፤ በውስጡ ያለው መዳብ ተሟሙቶ ወደ ገንዳው ከተንጠባጠበ ኮራሉንና ሽሪምፑን ይገድላል። የቀረው ፕላስቲክ ወይም ዝገትን በእጅጉ የሚቋቋም የማይዝግ ብረት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁት የትነቱን ጉዳይ ነው። ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ውኃውን ያሞቀዋል፣ እንጨቱንም ያረጥበዋል። ከፍቶ መተው ደግሞ ውኃውን ያተንነዋል። የገንዳው ውኃ በቀን በ4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል፣ የገጹ ስፋት ግማሽ ካሬ ሜትር ነውና፣ 2 ሊትር ተነነ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ለማትነን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ያስፈልጋል። ይህ በአንድ ቀን ሰከንዶች ሲካፈል 2 ሊትሩ ከገንዳው የሚወስደው ሙቀት በአማካይ 55 ዋት ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈ ማስመሪያ የኃይል መለኪያ ሆነ። ጨው ግን አብሮ አይተንም። ከ200 ሊትር በየቀኑ 2 ሊትር ቢጠፋና ማንም ባይተካው በኪሎ ግራም 35 ግራም የነበረው የጨው መጠን በ10 ቀን ውስጥ ወደ 39 ይጠጋል፤ ይህም ወደ ቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ጨዋማነት መቅረብ ነው። የሚተካው ውኃ እንግዲህ ጨው የሌለበት መሆን አለበት። ይህን ብዙ ሰው በመጀመሪያ ሲሰማው ግር ይለዋል።

ሙቀቱን በማራገቢያ ማውጣትም ይቻላል። በክዳኑ ውስጥ 100 ዋት ሙቀት የሚለቅ መብራት ቢኖርና የሚወጣው አየር ከክፍሉ አየር በ5 ዲግሪ ብቻ እንዲሞቅ ብንፈልግ በባሕር ጠለል ላይ በሰዓት 60 ሜትር ኩብ ያህል አየር ማለፍ አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከዚያ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ 80 ከፍ ይላል። ከውጭ የመጣ ዕቃ ላይ የተጻፈ ቁጥር እዚህ ሲደርስ እንዳለ የማይሠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተማሪዎቻችንም ሲሠሩ እንጂ ሲያነቡ ልብ የሚሉት አይመስለኝም።

ስለ ብርሃኑ ሁለት ነጥቦች ብቻ ላንሣ። ማንኛውም ተማሪ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አንድ አራተኛ ይሆናል ብሎ በፈተና ላይ ይጽፋል። ውስጡ በነጭ ቀለም በተቀባ ክዳን ሥር በመለኪያ ቢያየው ግን ቅነሳው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ሕጉ የተነገረው ነጥብ ለምታህልና በባዶ ቦታ ላለች የብርሃን ምንጭ ነው፤ ረጅም መብራትና ነጭ ግድግዳ ባለበት አይሠራም። ሁለተኛው የስብረት ጉዳይ ነው። የጨው ውኃ የስብረት መጠን 1.34 ገደማ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ፣ ከቀጥታው በ63 ዲግሪ ውስጥ ሆኖ በውኃው ጠፍጣፋ ገጽ የገባ ጨረር ሁሉ የጎኑን መስተዋት ሲመታ ሙሉ ውስጣዊ ጽብረቃ ይደርስበትና ወደ ውኃው ይመለሳል። በጎን ሊያመልጥ የሚችለው ከዚያ በላይ አጋድሞ የሚመጣው ጨረር ብቻ ነው። የመብራቱን ከፍታና የክዳኑን ግድግዳ የሚወስነው ተማሪ ይህን ስሌት በሦስት መስመር ሊያገኘው ይችላል፤ ማግኘትም አለበት።

በኤሌክትሪክ ላይ ቀልድ የለም። የባሕር ውኃ ከቧንቧ ውኃ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በመስመሩ ላይ ወደ መሬት የሚያመልጠው ፍሰት 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ የሚቆርጥ ማቋረጫ ካልተገጠመ ሥራው መጀመር የለበትም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሐሳብ ስነግረው «ባሕር በሌለው አገር የባሕር ዓሣ ቤት?» ብሎኛል። ኮራልም ዓሣም አያስፈልጉም። 25 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳና በእያንዳንዱ ሊትር 35 ግራም፣ በጠቅላላው አንድ ኪሎ የማይሞላ ጨው ይበቃል። ሕይወት ያለው ነገር ስለሌለ የሚሞትም የለም። ከላይ የቆጠርኋቸው ጉዳዮች ሁሉ ግን በትንሹ ገንዳ ላይ አሉ። የእንቁላል ማስፈልፈያ ወይም የበርበሬ ማድረቂያ ሣጥን ቢሠራስ ለሚለኝም መልሴ ይሠራ የሚል ነው፤ ጨውን የመረጥሁት ስሕተትን ፈጥኖ ስለሚያጋልጥ ነው።

የክርክሩ ሥር ሌላ ቦታ እንደሆነ እገምታለሁ። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ንቀቱ ግን ጋቢውን አውልቆ ካባ ለብሶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ይመስለኛል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 የመዳብ ሽቦውን በብረት ቀለበቱ ላይ በገዛ እጁ ሲጠመጥም በመካከሉ ጨርቅና ገመድ እያስገባ ነበር። ዛሬ ይህን ይዞ ወደ እኛ ቢመጣ የሚቀርብለትን ጥያቄ አስባለሁ።

ምዘናውን በተመለከተ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ተማሪው አንድም ጣውላ ሳይቆርጥ የሚጠብቃቸውን ቁጥሮች ጽፎ ያስረክብ፤ ሰሌዳው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰፋ፣ ውኃው በቀን ስንት እንደሚቀንስ፣ ብርሃኑ ከስንት ወደ ስንት እንደሚወርድ። ከዚያ ይሥራ፣ ለስምንት ሳምንታት ይለካ። ውጤት የሚሰጠው ለክዳኑ ማማር ሳይሆን በተጻፈውና በተለካው መካከል ላለው ልዩነት ለሚያቀርበው ማብራሪያ ይሁን። አንድ የዋንዛ ጣውላ፣ ጥቂት ኮምፔርሳቶ፣ የብርጭቆ ወረቀትና የትምህርት ክፍሉ ወርክሾፕ ቁልፍ ይበቃሉ። ጣውላው ከመቆረጡ በፊት በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ቆሞ፣ በየሳምንቱ እየተመዘነ፣ ክብደቱ መለወጡን እስኪያቆም መቆየት ይኖርበታል፤ ሥራው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንዲጀመር ከተፈለገ እንግዲህ ግዢው ከወዲሁ መፈጸም አለበት።