መስመሩን የያዘው ማነው? ቻርት፣ ማዕከላዊ ባንክ እና የዕቁብ ብር

ባለፈው ሳምንት ማታ ቴሌግራሜ ላይ አንድ መልዕክት ገባ። ላኪው ሰፈራችን ውስጥ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው። «ብሮ፣ ዕቁብ ወጣልኝ። 60 ሺህ ብር። ፎሬክስ ልግባበት? አንተ ኢኮኖሚክስ ስለተማርክ ነው የምጠይቅህ» ይላል። ከሥሩ የአንድ ሲግናል ቻናል ስክሪንሾት ለጥፏል፦ ቻርት፣ ቻርቱ ላይ አረንጓዴ አግድም መስመር፣ መስመሩ ላይ ደግሞ «እዚህ ጋ ግዛ» የሚል ቀስት።

በሁለት መስመር ልመልስለት ጀመርኩና አጠፋሁት። እኔም እንደዚያ ዓይነት አረንጓዴ መስመር አምኜ ገብቼ አውቃለሁ። መልሱ ረዘም ስለሚል፣ እንደሱ ዓይነት ጥያቄ ያላችሁም ብዙ ስለሆናችሁ፣ እዚህ ልጻፈው።

የሐምሌ 2016 ሳምንት

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ውጭ የምትኖር የአክስቴ ልጅ «ተማርበት» ብላ የአንድ ብሮከር አካውንቴ ላይ 200 ዶላር ሞላችልኝ። የመረጥኩት ዶላርን ከጃፓን የን ጋር መገበያየት ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቻርቱ ያምራል። በ2022 መጀመሪያ አንድ ዶላር 115 የን ገደማ ነበር። በጁላይ 2024 ወደ 162 ተጠግቷል። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ፣ በወረደ ቁጥር የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አትርፏል።

ከቻርቱ ጀርባ ያለው ምክንያት ደግሞ ወለድ ነው። ያኔ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወለድ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ነበር። የጃፓኑ ዜሮን ብዙም አላለፈም። ስለዚህ ትልልቆቹ ፈንዶች የን በርካሽ ይበደራሉ፣ ወደ ዶላር ይቀይራሉ፣ የወለዱን ልዩነት ይበላሉ። ኬሪ ትሬድ የሚባለው ይኼ ነው። ሁሉም የን ስለሚሸጥ የን ይወርዳል፤ የን ሲወርድ ትርፋቸው ይጨምራል፤ ትርፉን ያየ ሌላ ሰው ይገባል።

እኔ መስመሬን ያሰመርኩት 152 ላይ ነበር። ዝም ብዬ አይደለም። ዶላር በኦክቶበር 2022ም፣ በኖቬምበር 2023ም እዚያ አካባቢ ደርሶ ተመልሷል። በኤፕሪል 2024 ሰብሮ ወጣ። በቻርት ትምህርት ደግሞ የተሰበረ ጣሪያ ወለል ይሆናል ይባላል። ስለዚህ ዋጋው ወደ 152 ሲመለስ እገዛለሁ ብዬ ጠበቅኩ።

ሰኞ ሐምሌ 22 ጠዋት የራሳችን ብሔራዊ ባንክ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን አሳወቀ። 57 ብር ከምናምን የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ንግድ ባንክ ላይ ወደ 74 ብር ከ70 ሳንቲም ገደማ ሄደ። ሰው ሁሉ ስለ ዘይትና ስለ ስኳር ያወራል። እኔ ግን በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ የየንን የ15 ደቂቃ ቻርት ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያኔ አላሳቀኝም።

ረቡዕ ሐምሌ 24 የጃፓን ባንክ ወለዱን ወደ 0.25 በመቶ ከፍ አደረገ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ግን ገዥው ካዙኦ ኡዌዳ ከዚህም በላይ ሊጨምሩ እንደሚችሉ ተናገሩ። በዚያው ምሽት የአሜሪካው ባንክ ሊቀመንበር ጄሮም ፓውል ደግሞ በሴፕቴምበር ወለድ ሊቀንስ እንደሚችል ጠቆሙ። ያ ሁሉ ሰው ተማምኖበት የነበረው የወለድ ልዩነት ከሁለቱም በኩል መጥበብ ጀመረ ማለት ነው።

እኔ 152 ላይ ገዝቼ ነበር። ስቶፕ ሎሴ 151 ላይ ተመታ፤ 66 ዶላር ገደማ ሄደ። እዚያ ጋ ባቆም ጥሩ ነበር። በማግስቱ ግን «149 ርካሽ ነው፣ ይመለሳል» ብዬ እንደገና ገዛሁ። በዚህኛው ጊዜ ስቶፕ ሎስ አላስቀመጥኩም፤ የመጀመሪያው ስለበላኝ ተናድጄበታለሁ። ዓርብ ከሰዓት የአሜሪካ የሥራ ሪፖርት ደካማ ሆኖ ወጣ፤ ሥራ አጥነት 4.3 በመቶ ደረሰ፣ ዶላሩ እንደገና ወደቀ። ብሮከሩ ትሬዴን ራሱ ዘጋው። ከ200 ዶላሩ የተረፈኝ 50 ያህል ነበር።

ሰኞ ሐምሌ 29 ዶላር ከ142 የን በታች ወረደ። የቶኪዮው የኒኬይ አክሲዮን መለኪያ በአንድ ቀን 12.4 በመቶ ወደቀ። ማክሰኞ 10.2 በመቶ ተመልሶ ወጣ። ረቡዕ ነሐሴ 1 የጃፓን ባንክ ምክትል ገዥ ሺኒቺ ኡቺዳ ገበያው ባልተረጋጋበት ጊዜ ወለድ አንጨምርም ሲሉ የን ወዲያውኑ ተዳከመ። አንድ ባለሥልጣን በተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ማለት ነው።

ቻርት የሚያውቀውና የማያውቀው

ከዚህ ተነስቼ «ቻርት ውሸት ነው» አልልም። 152 ላይ የነበረው መስመር እውነተኛ ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ጋ የሆነውን ያስታውሳል፣ እዚያ ጋ ትዕዛዝ ያስቀምጣል፣ ስለዚህ ዋጋው እዚያ ሲደርስ ይንገራገጫል። በተረጋጋ ጊዜ ይኼ ይሠራል። ችግሩ፣ መስመሩ የሚያሳየው ሰው ትላንት በትላንቱ ወለድ ያደረገውን ነው። ወለዱ ሲቀየር ያ ሰው ራሱ ሐሳቡን ይቀይራል፤ መስመሩ ግን ስክሪንህ ላይ እንዳለ ይቀመጣል።

ሌላም አለ። መስመሩን የሚያየው ሰው በበዛ ቁጥር ስቶፕ ሎሱም ከመስመሩ ሥር አንድ ቦታ ይከማቻል። መስመሩ ሲሰበር ያ ሁሉ ትዕዛዝ በአንድ ጊዜ ሽያጭ ይሆናል። ስለዚህ የታመነ መስመር ሲሰበር መውደቁ ይፈጥናል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በጣም ግልጽ የሆነው ምሳሌ የስዊዘርላንድ ነው። የስዊዝ ብሔራዊ ባንክ ከሴፕቴምበር 2011 ጀምሮ አንድ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዲወርድ አልፈቅድም ብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በላይ ያዘው። በቻርት ላይ እንደሱ ያለ ጠንካራ ወለል የለም፤ የሠራው ገንዘቡን የሚያትመው ባንክ ነዋ! ብዙ ትሬደሮች 1.20 ላይ እየገዙ ስቶፕ ሎሳቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡ ነበር። የባንኩ ምክትል ሊቀመንበርም መስመሩ የፖሊሲው ማዕዘን ሆኖ መቀጠል አለበት ብለው ተናገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2015፣ ባንኩ መስመሩን ተወው።

ዩሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከ1 ፍራንክ በታች ወረደ። እዚህ ጋ ልብ በሉ፦ 1.19 ላይ ስቶፕ ሎስ ያስቀመጠ ሰው 1.19 ላይ አልወጣም። መሃል ላይ የሚገዛው ሰው ስላልነበረ ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ዋጋ ነው የተሸጠለት። ስቶፕ ሎስ ትዕዛዝ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ብዙ ደንበኞች አካውንታቸው ዜሮ መሆኑ ሳያንስ ለብሮከሩ ባለዕዳ ሆኑ። የእንግሊዙ አልፓሪ ኪሳራ ውስጥ ገባ። ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ትልቅ ብሮከር ደግሞ ለመትረፍ የ300 ሚሊዮን ዶላር ብድር አስፈለገው።

ስለዚህ አንድ መስመር ሳይ አሁን የምጠይቀው «ስንት ጊዜ ተነክቶ ተመለሰ?» ብቻ አይደለም። መስመሩን የያዘው ማነው? እስከ መቼ ይችላል? መያዙ ምን ያስከፍለዋል? እነዚህን ነው የምጠይቀው።

የብር ቻርት

ይኼ ጥያቄ በደንብ የሚገባን በራሳችን ብር ነው። የብርን የይፋ ተመን ቻርት አውጥታችሁ ብታዩት ደረጃ ይመስላል። ቀስ ብሎ ሲንፏቀቅ ይቆይና በአንድ ጠዋት ይዘላል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በአንድ ቀን በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደረገ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የዶላር ዋጋ በአንድ ቀን ወደ 30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ከዝላዩ በፊት በነበረው ቻርት ላይ የፈለጋችሁትን ኢንዲኬተር ብትጭኑ ምንም አይነግራችሁም። ዋጋውን የያዘው ገበያ አልነበረማ፣ ውሳኔ ነበር።

ምልክቱ ግን ነበረ፤ ያለው ቻርቱ ውስጥ አልነበረም እንጂ። የጥቁር ገበያው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሲሸጥ የባንኩ 57 ላይ ነበር። ነጋዴ ኤልሲ ለመክፈት ወራት ይጠብቃል። መንግሥት ከዓለም የገንዘብ ድርጅት ጋር ሲደራደር ከርሟል። በዚያው ሐምሌ መጀመሪያ ብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ አድርጎ አዲስ አሠራር መጀመሩን ተናገረ። ተመኑ በተለቀቀበት ቀን ማታ የገንዘብ ድርጅቱ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። በነሐሴ 1ዱ ልዩ የዶላር ጨረታ አማካይ ዋጋው 107.9 ብር ሆነ። ጥቁር ገበያው ቀደም ብሎ ወደሚለው ቁጥር ተጠጋ ማለት ነው።

በወር 10 ሺህ ብር የሚያገኝ ሰው እንውሰድ። በ57.5 ተመን ደመወዙ 174 ዶላር ገደማ ነበር። በመጀመሪያው ቀን 134 ሆነ። በጨረታው ዋጋ ሲሰላ 93 ዶላር ደረሰ። ይኼ ሰው ፎሬክስ የሚባል ነገር ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ግን ደመወዙ በብር ስለሆነ፣ ስልኩና መድኃኒቱ ከውጭ ስለሚመጣ፣ ሳይፈልግ ብር ላይ የተወራረደ ሰው ነው። እኔ የየን ቻርት ላይ 150 ዶላር ያጣሁበት ሳምንት፣ የደመወዜ ዋጋ ምንም ሳልነካ ወርዷል።

ለልጁ የጻፍኩለት

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ቻርቱ አልነበረም። «ዕቁቡ ስንት ሰው ነው? ስንተኛ ወጣልህ?» አልኩት። 30 ሰው፣ በሳምንት 2 ሺህ ብር፣ አራተኛ ዕጣ። ዋስ ሆነው የፈረሙለት አጎቱ ናቸው።

«እንግዲህ ቁጭ ብለን እናስላ» ብዬ ጻፍኩለት። «እስካሁን የከፈልከው 8 ሺህ ነው። የቀረህ 26 ሳምንት፣ 52 ሺህ ብር። ከ60ው ውስጥ ያንተ 8ቱ ብቻ ነው፤ ሌላው ገና የምትከፍለው ዕዳ ነው። ብሮከሩ ሌቨሬጅ ሳይሰጥህ ዕቁቡ ሰጥቶሃል። በዚያ ላይ አንድ ለመቶ ሌቨሬጅ ብትጨምርበትና በሙሉ አቅምህ ብትገባ፣ ገበያው በተቃራኒህ አንድ በመቶ ሲሄድ ያልቃል። የን በሦስት የሥራ ቀን ከ5 በመቶ በላይ ሄዷል። ገንዘቡ ቢያልቅም ቅዳሜ ቅዳሜ ዕቁብ ሰብሳቢው ይመጣል። አንተ ካጣህ አጎትህ ናቸው የሚከፍሉት።»

«ቻናሉ ላይ ያሉት ግን እያተረፉ ነው እኮ» አለኝ።

የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 ያወጣውን ቁጥር ላክሁለት። እንዲህ ያለውን በሌቨሬጅ የሚደረግ ንግድ ከሚሠሩ ተራ ደንበኞች አካውንቶች ውስጥ ከ74 እስከ 89 በመቶ የሚሆኑት ከሳሪ ናቸው። እነሱ ጠበቃ አላቸው፣ ተቆጣጣሪ አላቸው። «ቻናሉን የከሰሩበትን ሳምንት ስክሪንሾት ጠይቃቸው» አልኩት። «ደግሞ ገንዘብህን የያዘው ብሮከር አልከፍልም ቢልህ የት ሄደህ አቤት እንደምትል እወቅ። እኔ ስገባ አላወቅኩም ነበር።»

መማር ከፈለገ ግን አልከለከልኩትም። በዴሞ አካውንት፣ በውሸት ገንዘብ፣ ለስድስት ወር ይሞክር። የአሜሪካው፣ የአውሮፓውና የጃፓኑ ማዕከላዊ ባንኮች በዓመት ስምንት ስምንት ጊዜ ስለ ወለድ ይሰበሰባሉ፣ ቀኑም አስቀድሞ ይታወቃል። በእነዚያ ቀናት ምንም ሳይነካ ቻርቱን ብቻ ይመልከት፤ ያሰመረው መስመር ምን እንደሚሆን ይጻፍ። ስድስት ወር ደግሞ 26 ሳምንት ነው። ዕቁቡም ያኔ ያልቃል። ከዚያ በኋላ የሚያጣው ገንዘብ ቢኖር እንኳ የራሱ ነው።

ለረጅም ጊዜ «እየጻፈ ነው» የሚለው ሲመጣ ሲጠፋ ቆየ። በመጨረሻ «እሺ፣ እስከ ቅዳሜ ልንካው ወይስ አልንካው ላስብ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የስክሪን መቀየሪያ ማሽን ያገለገለ አግኝቼ ነበር፣ እሱስ?» ብሎ ጻፈ።

ስለ ማሽኑ የማውቀው ነገር የለም። ግን ዋጋው በዶላር ስለሚወጣ ከመቆየት ቶሎ መጠየቁ ይሻላል አልኩት።