ልጅ ያለ ወገን አይደግ

የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የነጆ፣ የሻምቡ፣ የደምቢ ዶሎ ሰዎች! ዕድርተኞች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አገልጋዮች፣ ተመርቃችሁ ሥራ የምትጠብቁ ወጣቶች! ጥሪው ለእናንተ ነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከካማሺ ዞን የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ወደ ሳሲጋና ወደ ነቀምቴ ጎረፉ። ከዚያ ወዲህም ኪረሙና ጊዳ አያና በግጭት ታምሰዋል፤ ኦሮሞውም አማራውም ከቀዬው ተሰዷል። ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በየዘመድ ቤቱ፣ በየመጠለያው፣ በየመናኸሪያው ቀርተዋል። እርዳታ ሲገኝ ስንዴና ዘይት ይታደላል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁን “የማን ልጅ ነህ?” ብለው ሲጠይቁት ስንዴው መልስ አይሆነውም።

ለዚህ ጥያቄ የኦሮሞ ሕዝብ ጥንት መልስ አበጅቶለታል፤ እሱም ጉዲፈቻ ነው። ጉዲፈቻ ምጽዋት አይደለም። ልጁ በሽማግሌዎች ፊት ይሰጣል፣ በአሳዳጊው ስም ይጠራል፣ ከአብራክ ልጅ እኩል ይወርሳል። ኋላ ተነሥቶ “አንተ እኮ የእኛ አይደለህም” የሚለው ሰው ነው የሚያፍረው። ከውጭ የመጣን ሰው፣ ቤተሰቡንም ጭምር፣ ወደ ጎሳ የሚያስገባው ሞጋሳም አለ። ዛሬ ከደጃችን የቆመው ተፈናቃይ ሌላ ቋንቋ ቢናገር ምን ይገርማል? ይህ ወግ የተሠራው ለባዕዱ ነው።

ታዲያ ይህን ወግ በማኅበራዊ ሠራተኞች እጅ ለምን በሥራ ላይ አናየውም? በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተከፍቶ፣ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደገና ተከፈተ። ያ ሁሉ ዓመት ባክኖም ሙያው ዛሬ በእጃችን አለ። ችግሩ መጽሐፉ በአብዛኛው በሌላ አገር ኑሮ ላይ የተጻፈ መሆኑ ነው። እዚያ ባለጉዳዩ ብቻውን ቢሮ ይመጣል፣ ፋይል ይከፈትለታል። ወለጋ ውስጥ ግን አጎቱም፣ ጎረቤቱም፣ የዕድሩ ዳኛም ተከትለውት ይመጣሉ። ሠራተኛው “እናንተ ውጭ ጠብቁ” ካላቸው ጉዳዩን ራሱን ከደጅ አስቀረው።

የኒውዚላንድ ማኦሪዎች በዚህ ነገር ታግለዋል። ልጆቻቸው ከዘመድ እየተወሰዱ በመንግሥት እጅ ሲያድጉ ዝም ብለው አላዩም። በእነሱ ግፊት በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፣ ልጁ የት ይደግ በሚለው ላይ መጀመሪያ ዘመድ ተሰብስቦ እንዲመክር አዘዘ። ያ የዘመድ ጉባኤ ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ ድረስ ይሠራበታል። የእኛ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ጃርሱማ፣ በምን ያንሳል?

ደግሞስ ከዚሁ ከወለጋ የወጡት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉልን አይደል! እሳቸው በዋና ጸሐፊነት የመሯት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ፣ ገንዘብ ሰጪዎች ሰውን ሥጋና ነፍስ ብለው ከፍለው አንዱን ብቻ እንዲረዱ መወሰናቸውን ተቃወመች። ሰው ሙሉ ነው፣ ሙሉ ሆኖ ይረዳ አለች። ይህን ያህል ድፍረት የነበራቸውን ሰው ደርግ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. አፍኖ ገደላቸው። ደብዳቤው ግን ዛሬም የሚሞግተው አለ፤ በሌላ ከተማ የተሞላ ቅጽ ይዞ የሚመጣውን ፕሮጀክት ሁሉ ይሞግታል።

ወጋችን ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። በጉዲፈቻ ስም ልጅ ወስዶ እረኛና ውኃ ቀጂ የሚያደርግ አለ። ሴት ልጅ ስትደፈር ነገሩን በካሳ አድበስብሶ የሚያስታርቅ ሽማግሌም አለ። እዚህ ላይ የሠለጠነው ሠራተኛ ወገቡን አጥብቆ መቆም አለበት፦ ይህ የዕርቅ ጉዳይ አይደለም፣ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ነው። እናቶች ያልተቀመጡበት ሸንጎም የልጅን ነገር አይጨርስ።

ስለዚህ እንነሣ። በየከተማው ዕድሮች፣ ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎች አንድ ሸንጎ ይቀመጡ። የመጀመሪያው ሥራ አሳዳጊ መፈለግ አይሁን። በሕይወት ያለ ወላጅ፣ አክስት፣ አያት ይፈለግ፤ ከጎንደር ይሁን ከወሎ፣ ከመተከል ይሁን ከቄለም፣ ስልክ ይደወል፣ ሰው ይላክ። የልጁ የትውልድ ስምና ቀዬ ተጽፎ ይቀመጥ። ዘመድ ከጠፋ ብቻ ወደ ጉዲፈቻ ይኬድ፤ ሲኬድም ከሽማግሌዎቹ ፊት በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት። የቤተሰብ ሕጉ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ይጠይቃል። ወረቀት የሌለው ልጅ አሳዳጊው በሞተ ማግሥት ከርስቱ ይነቀላል፤ ይህን በዐይናችን ያየን ብዙ ነን። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቆመ ወዲህ ደግሞ ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእኛው ነው።

አሳዳጊውንም ብቻውን አንተወው። ስድስት አፍ ያለበት ቤት ሰባተኛውን ሲቀበል ደቦ ይውጣለት፦ ማሳው ይታረስለት፣ ቡናው ይለቀምለት። ክልሉ የመረዳዳት ወጉን፣ ቡሳ ጎኖፋን፣ በተቋም ደረጃ አቋቁሟል፤ ስሙ ከቦረና ቢመጣም ደቦው ድሮም እዚሁ ነበር፣ መመሪያ አይጠብቅም።

ከወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነቀምቴ፣ ጊምቢና ሻምቡ የወጣችሁ ልጆች፦ ጸሐፊ ሆናችሁ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤውን በአፋን ኦሮሞ ያዙ። አማርኛ ወይም ጉሙዝኛ የሚናገረውን ልጅ በአፉ የሚያናግረው ሰው አምጡለት።

የፊታችን የዕድር ስብሰባ ላይ፣ መዋጮው ተሰብስቦ ሰው ከመነሣቱ በፊት፣ በሠፈራችሁ ወላጅ የሌለው ልጅ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። ስማቸውን የሚመዘግበውን ሰው እዚያው ምረጡ፤ በሳምንቱም ደብተሩን ይዞ ይምጣ።