14 ነጥብ፤ ታዲያስ?
ስልኩ ላይ ዘጠኝ ጥያቄዎች መልሶ «14፤ መካከለኛ ድብርት» የሚል ውጤት የመጣበት ሰው ሌሊቱን እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም። ቁጥሩ ግን ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም። ፒኤችኪው-9 የሚባለው ይህ መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ብቻ ይጠይቃል፤ ከ0 እስከ 27 ይደምራል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን «ባለሙያ ይይህ» ማለቱ ነው። ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ሁሉም ነጥብ ያስቆጥራሉ። ደም ማነስም የታይሮይድ ሕመምም እነዚሁኑ ያመጣሉ፤ ጨቅላ ታቅፋ የምታነጋ እናትም ነጥቧ ከፍ ይላል። መጠይቁ ይህን ለይቶ አያውቅም። በአንጻሩ (የእኛ ሰው ነገር!) ሐዘኑን «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ደረቴን ያፍነኛል» እያለ በአካሉ የሚናገር ሰው ዝቅተኛ ነጥብ ይዞ ታማሚ ሊሆን ይችላል። እኔ ከድምሩ ይልቅ የማየው ዘጠነኛውን ጥያቄ ነው፦ ሞትን ስለመመኘት፣ ራስን ስለመጉዳት። እዚያ ላይ «በፍጹም» ያላለ ሰው፣ ድምሩ 4 ቢሆን እንኳ፣ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ጤና ጣቢያም ይሂድ። ሌላውም ውጤቱን ለሐኪም ያሳይ እንጂ በቁጥሩ ተማምኖ ከመድኃኒት ቤት ክኒን እንዳይገዛ።