ከእርቅ በኋላ የሚመጣ ክስ

«ታርቀናል፤ ካሳም ከፍለናል። ታዲያ ዓቃቤ ሕግ ምን ቤት ነው?» በድብድብ ጉዳይ ቢሮዬ ከሚመጡ ቤተሰቦች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው። ከባድ የአካል ጉዳት ግን ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ» ስላለ የሚቀር ክስ አይደለም። እርቁና ካሳው ቅጣት ሊያቀልሉ ይችላሉ እንጂ መዝገቡን አይዘጉም።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 555 መሠረት፣ ሆን ብሎ የሰው ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጥ፣ አካል የሚያጎድል ወይም መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳት ያደረሰ ሰው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ቢቀል እንኳ ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ነው።

መከላከያውን ስጠይቅ ሁሉም «ራሴን ስከላከል ነው» ይላል። አንቀጽ 78 ይህን የሚቀበለው ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሆኖ የተጀመረ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማምለጥ ሳይቻል ሲቀርና አጸፋው ሲመጣጠን ነው። ቢላ ይዞ የመጣን ሰው በዱላ መመለስ አንድ ነገር ነው። ቢላውን ጥሎ የሚሮጠውን አሳድዶ መምታት ግን በቀል ነው። ብዙ ክርክር የሚወድቀው በዚያች በመጨረሻዋ ዱላ ነው።

ከጥቃቱ በመጣ ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከልክ ያለፈን ሰው አንቀጽ 79 ያስበዋል፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ጨርሶ ሊያስቀርለት ይችላል። ይህ ግን መረጋገጥ አለበት። ልጃችሁም ቆስሎ ከሆነ ቁስሉ ሳይደርቅ ሐኪም ይየው፤ የሕክምና ማስረጃም ይያዝ። ጠቡን ያዩ ጎረቤቶችን ስም መዝግቡ። የሚናገሩትን ግን አደራ፣ አታስጠኗቸው፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ያመጣል።