የወይራ ፍሬ ለጾም ማዕድ

በጥቅምት የኢየሩሳሌም ገበያ በአረንጓዴ የወይራ ፍሬ ይሞላል። ለጾመ ነቢያት የምናኖረውም በዚሁ ጊዜ ነው። ፍሬውን ሰንጥቀን፣ ውኃውን በየቀኑ እየለወጥን፣ ምሬቱ እስኪቀንስ አንድ ሳምንት ያህል እንዘፈዝፋለን። ከዚያም በ1 ሊትር ውኃ 100 ግራም ጨው አሟሙተን፣ ሎሚ ጨምረን፣ በንጹሕ የመስታወት ዕቃ እናስቀምጠዋለን።

ዓምና ፍሬው ከጨው ውኃው በላይ ተንሳፍፎ ሻገተብን፤ ለእንግዶች ያሰብነውን በሐዘን ደፋነው። ዘንድሮ ታጥቦ የተቀቀለ ድንጋይ ጭነንበታል። እናንተም በየቤታችሁ ስታዘጋጁ ፍሬው ከውኃው በታች መዋሉን በየዕለቱ ተመልከቱ፤ የሻገተውንና ሽታው የተለወጠውን አትቅመሱ። ለልደት በዓል ቀድመው የሚደርሱ ተሳላሚዎች ከጾም ማዕዳችን እንዲካፈሉ እንሻለንና።