መርፌው ብቻውን አያድንም

በቦንጋ ገበያ ማር፣ ቡናና ኮረሪማ የሚያቀርበው የከፋ ገበሬ ሚዛኑን በዓይኑ ሳያረጋግጥ ዕቃውን አሳልፎ አይሰጥም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው የስኳር በሽታ ይዞት ኢንሱሊን ሲታዘዝለት ግን፣ የመርፌውን ልክ ተነግሮት የምግቡን ልክ ሳይማር ወደ ቤቱ የሚመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናነሣ የወደድነው ነገር ይህ ነው።

ኢንሱሊን የተገኘው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ባንቲንግና ቤስት በደከሙበት ምርምር ነው። በተከታዩ ዓመት በጥር ወር ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጠ። ከዚያ በፊት ቆሽቱ ኢንሱሊን መሥራት ያቆመ ሰው ዕጣው ሞት ነበር። ሆኖም ይህ መድኃኒት እንደ ሌላው ክኒን አይደለም። ሥራው ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት ማስገባት ስለ ሆነ ከምግቡ ጋር መመጣጠን አለበት። ቆጮ፣ እንጀራ፣ ድንችና በቆሎ በሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ይለወጣሉ፤ ጎመንና ሥጋ ግን የዚያን ያህል ስኳር አይጨምሩም። ታዲያ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ሲቆፍር የሚውል ሰው፣ በበዓል ቀን ከሚወጋው እኩል ቢወጋ ስኳሩ ያለ ልክ ይወርድበታል። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይቀባዥራል፤ ነገሩን ያላወቀ ጎረቤትም ሰክሯል ይለዋል። ራሱን ሳይስት አንድ ትልቅ ማንኪያ ማር ቢልስ ሊድን የሚችለው ሰው፣ ማር በሞላበት አገር በዕውቀት ማነስ ቢሞት ከዚህ የሚበልጥ ሐዘን ምን አለ?

በጀርመን አገር፣ በዱሰልዶርፍ ከተማ፣ ሐኪሞች የዚህን ችግር መፍትሔ የፈለጉት በትምህርት ነው። ሕሙማኑ በቡድን ተሰብስበው ለአምስት ቀን የምግባቸውን ልክ መገመትን፣ ደማቸውን መመርመርንና መርፌያቸውን ከሚበሉት ጋር ማስማማትን ይማራሉ። እንግሊዞችም ይህንኑ ወስደው በ169 ሕሙማን ላይ ፈተኑት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በታተመው ውጤት፣ ከስድስት ወር በኋላ የተማሩት ሰዎች የደም ስኳር ገና ተራቸውን ከሚጠብቁት በግልጽ ተሻለ፤ ምግባቸውንም በነፃነት መምረጥ ቻሉ፤ ስኳር እጅግ የመውረዱም አደጋ አልጨመረም።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ለፈረንጅ እንጂ ለባላገር አይሆንም» ይሉን ይሆናል። እኛ አንስማማም። ቡናውን በኪሎ የሚያሰላ ሰው የቆጮውን ቁራሽ መጠን ማስላት አያቅተውም፤ ፊደል ያልቆጠረም ቢሆን በመዳፉ ይለካል። በቡድን መማርም ለዕድርተኛና ለቡና ተጣጪ እንግዳ ነገር አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንዱ ሌሊት ስኳሩ ወርዶ የደረሰበትን ሲናገር፣ አጠገቡ የተቀመጠው ከሐኪም ቃል ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነው። የደም መመርመሪያውን መሣሪያና ስትሪፑን የማያገኝ ሰው መርፌውን በራሱ እንዲያስተካክል ማዘዝ፣ በጨለማ ሩጥ እንደ ማለት ነው። በምግብ ሰዓት የሚወጋው ፈጣኑ ኢንሱሊንም ሊጓደል አይገባም። ስለዚህ ትምህርቱና ዕቃው አብረው ይምጡ እንላለን። እስከዚያው ማንም ሕመምተኛ ሐኪሙን ሳያማክር የመርፌውን ልክ እንዳይለውጥ አደራ እንላለን።

ከጅማና ከጎንደር ሆስፒታሎች በመነሣት ነርሶችን አሠልጥኖ የስኳር ሕክምናን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች የማድረስ ሥራ ከዚህ ቀደም ተሠርቷል። ጅማ ከቦንጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ትምህርቱ ግን በከፋ ምድር በየጤና ጣቢያው ሊሰጥ ይችላል። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲና የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ተባብረው ቆጮውን ቢመዝኑ፣ ስለ ዳቦ ቁራጭ የሚናገረውን የባዕድ ሰንጠረዥ በራሳችን ገበታ ቢተኩት፣ አምስት ቀን የሚያስተምር አንድ ነርስ ቢመድቡ፣ የብዙ ሰው ዕድሜ ይረዝማል። ለቡናው ሚዛን የማይጠፋበት አገር፣ ለልጆቹ ሕይወት ሚዛን ሊያጣ አይገባውም።