ከመንቀል በፊት መለካት፦ ጉድለት የታየበት የፓርኬ ወለልና የኃላፊነት ጥያቄ

በአዲስ አበባ አዳዲስ አፓርታማዎች ከሚነጠፉት የወለል ዓይነቶች አንዱ ባለ ብዙ ንብርብር የእንጨት ፓርኬ ነው። ወለሉ ከተነጠፈ ከወራት በኋላ የጣውላዎቹ ጠርዝ ሲነሣ፣ መጋጠሚያቸው ሲከፈት ወይም የላይኛው ንብርብር ሲላቀቅ ክርክር ይጀመራል፤ ባለቤቱ አቅራቢውን፣ አቅራቢው አንጣፊውን፣ አንጣፊው የሕንፃውን ተቋራጭ ይወቅሳል። ክርክሩ ሳይቋጭ ወለሉ ከተፋቀ ወይም ከተነቀለ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። መንስኤው በመለኪያ ሳይረጋገጥ የሚደረግ ጥገና ወለሉንም ፍትሑንም ይጎዳል።

የዚህ ፓርኬ የላይኛው ንብርብር ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ እንጨት ሲሆን፣ ከሥሩ ያለው ብዙውን ጊዜ ጭረቱ ተሻግሮ የተጣበቀ ኮምፖንሳቶ ነው። ይህ አሠራር የእንጨቱን መስፋትና መጥበብ ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 40 በመቶ ሲሆን የእንጨት እርጥበት ወደ 8 በመቶ፣ 65 በመቶ ሲሆን ደግሞ ወደ 12 በመቶ ያዘነብላል። ኢኤን 13489 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ፓርኬው ለገበያ ሲቀርብ ከ5 እስከ 9 በመቶ እርጥበት እንዲኖረው ይጠይቃል። ስለዚህ በፋብሪካ ያለ እንከን የተሠራ ጣውላ በክረምት እርጥበት ወይም በበጋ ድርቀት ሊበላሽ ይችላል።

ችግሩን የሚያወሳስበው አንድ ምልክት ከአንድ በላይ መንስኤ ሊኖረው መቻሉ ነው። የጣውላው ጠርዝ ተነሥቶ መካከሉ ሲሰጥም፣ ምክንያቱ ሳይደርቅ ከተሸፈነ የሲሚንቶ ስክሪድ የሚወጣ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክፍሉ ከመጠን በላይ ሲደርቅ የላይኛው ንብርብር ከሥረኛው ይበልጥ ስለሚጠብ ያው ቅርጽ ይታያል። የመጀመሪያው የግንባታውንና የአነጣጠፉን ሥራ፣ ሁለተኛው የክፍሉን አያያዝ ያስጠይቃል። የጣውላውም ሆነ የስክሪዱ እርጥበት በወሰኑ ውስጥ ሆኖ ንብርብሩ ከተላቀቀ ግን የፋብሪካው ሙጫ ይጠረጠራል። ዓይን ብቻውን ይህን አይለይም። ከሥር በመጣ እርጥበት የተጣመመ ወለል ሳይደርቅ በማሽን ከተፋቀ ደግሞ፣ በደረቀ ጊዜ ጠርዙ ዝቅ ብሎ መካከሉ ያብጣል፤ አንዱ ጉድለት ሁለት ይሆናል።

ሕጉ ለተጎጂው በር አልዘጋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። በሽያጭ በኩልም ገዥው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። ሻጮች «ከተነጠፈ ተቀብለኸዋል» ሲሉ ለሚታይ ጉድለት፣ ለምሳሌ ለቀለም ልዩነት ወይም ለተሰበረ ጠርዝ፣ ክርክራቸው ሚዛን አለው፤ ለተሰወረ የሙጫ ጉድለት ግን ሊሠራ አይገባም። ይሁን እንጂ ማስረጃ የሌለው መብት በችሎት ፊት ብዙ አይራመድም።

ቤቱ ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ ምርመራ እስኪያልቅ እንዲጠብቅ ማድረግ ከባድ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተቃውሞው ተገቢ ቢሆንም፣ የጣውላውንና የክፍሉን አየር እርጥበት ለመለካት የሚያስፈልገው ጊዜ ከአንድ ቀን አይበልጥም። የስክሪዱ ምርመራ ቀናት ቢጠይቅም ሙሉውን ወለል መንቀል አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መለካቱን ከብልሽቱ በፊት ማድረግ ነው። የስክሪዱ፣ የጣውላውና የክፍሉ አየር እርጥበት በርክክብ ሰነድ ላይ ከቀን ጋር ቢሰፍር፣ ከዚያው ጭነት ጥቂት ያልተነጠፉ ጣውላዎችም ቢቀመጡ፣ የኋላው ክርክር በግምት ሳይሆን በቁጥር ይዳኛል። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በዚህ ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ የከተማዋን ቤቶች የውስጥ እርጥበት በክረምትና በበጋ እየለኩ መመዝገብ፣ ከውጭ የተወሰደውን የእርጥበት ወሰን ለአገሩ አየር የሚስማማ ለማድረግ መሠረት ይጥላል።